በዳሱ ሸራ ላይ የቀረችው ቀዳዳ

ወገኖቼ፣ ስለ ጦር መሣሪያ በተነሣ ቁጥር ሙግታችን ሁሉ ከመንግሥት ጋር ነው። ዛሬ ግን ከእናንተና ከራሴ ጋር መሟገት እፈልጋለሁ።

በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር ጎጃም ውስጥ ከዘመዶቼ በአንዱ ቤት ሠርግ ነበር። ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ሲገባ፣ እንደ ወጉ፣ ክላሽ የያዘው ሁሉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይተኩስ ጀመር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ፎካሪው ዘራፍ አለ፤ ተምሬያለሁ የምለው እኔም የማን ተኩስ እንደሚበልጥ እየቆጠርሁ እስቅ ነበር። ዳሱ ውስጥ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ለእንግዶች የእጅ ውኃ ታዞራለች። ማስታጠቢያው ከእጇ ወድቆ ሲንኳኳ የተደናቀፈች መሰለን፤ እንዲያውም አንዲት እናት ቀሚሴን አረጠብሽው ብለው ተቆጧት። ደሙን ያየነው ነጠላዋ ሲቀላ ነው። በሸራው ላይ የቀረችው ቀዳዳ ከትንሽ ጣት ጫፍ አትበልጥም፤ በእሷ ሾልኮ የገባው የፀሐይ ብርሃን በፈሰሰው ውኃ ላይ ያብረቀርቅ ነበር።

ይህን ስሕተት ነው ብዬ ላልፈው እችል ይሆናል። ይቅር ማለት ያቃተኝ የማግስቱ ነው። ጠዋት ጓደኞቿ ከግቢው የለቀሙትን ቀለህ እያፏጩበት ሳለ አስከሬኗ ወጣ፤ እነዚያው ሰዎች፣ በእነዚያው መሣሪያዎች፣ ለክብሯ ሲሉ ደግመው ተኮሱ። አባትዬው በየተኩሱ ትከሻው እየዘለለ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። አንድም ሰው ተው አላለም። ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ «ከላይ የመጣ ጥይት ነው፣ ባለቤት የለውም» ተባለ፤ ገንዘብ ተዋጥቶ ነገሩ በካሳ አለቀ። የወንጀል ሕጋችን በ543ኛው አንቀጹ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ እኛ ግን የሚቀጣ ሰው እንዳይገኝ አፋችንን አንድ አደረግን።

የኔ አፍም ከዚያው ውስጥ ነበረ። ከሠርጉ በፊት የሙሽራው አባት ጥይት ተወዷል ብለው ሲደውሉልኝ ብር የላክሁላቸው እኔ ነኝ። ባለቤት የለውም የተባለውን ጥይት በማን ገንዘብ እንደ ተገዛ አስቤ የማላድርበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

መሣሪያችሁን ሁሉ አስረክቡ አልልም። ፖሊስ ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት አገር፣ ሌሊት ከብቱን ለሚነዱበት ገበሬ እንዲህ ማለት ግፍ ነው፤ አንዱን መንደር አስፈትቶ ጎረቤቱን እንደ ታጠቀ መተውም እንዲሁ። አያቶቻችን በምንሽርና በውጅግራ አገር ጠብቀዋል፤ ያንን የሚክድ የለም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቢሆን መሣሪያን በፈቃድና በምዝገባ ሥር አደረገው እንጂ ጨርሶ አልከለከለም። እኛ ምዝገባን የትጥቅ ማስፈታት ዋዜማ አድርገን ፈራነው፤ ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ቢሆንም የዚያችን ልጅ ነገር ሳስበው የፈራነው ባለቤት መኖሩን ራሱን ይመስለኛል። ቁጥሩ የተመዘገበ መሣሪያ ቢሆን ቀለሁ ተለቅሞ፣ መሣሪያው ቀርቦ፣ የማን እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር። መብቴ ነው የምንለውን ነገር የማን ነው ሲባል ዝም ካልን፣ ነገ ሊነጥቀን ለሚመጣ ሰው ምን ብለን እንመልስለታለን?

አገር ጦርነት ውስጥ ሳለ የሠርግ ተኩስ ወሬ ቅንጦት ነው የሚለኝ ይኖራል። በጦርነት የሞቱትን ገዳይ አላቸው ብለን እናለቅስላቸዋለን፤ ይህችን ግን እየዘፈንን ገደልናት፤ እየተኮስን ቀበርናት።

የወንድሜ ልጅ በሚመጣው ጥር ይዳራል። መሣሪያ ይዞ የሚመጣ እንግዳ በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ፣ አንዲት ጥይት እንዳትተኮስ ወንድሜን ለመንሁት። «ሰው ምን ይለናል? ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ?» አለኝ። ለቅሶ ላይም እኮ እንተኩሳለን አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ፣ የተስማማ በማይመስል ድምፅ፣ «እንግዲያ ከበሮውን እናበዛዋለን» አለኝ።