ሐኪም ምን ይሠራል፣ እኛ እያለን

አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጎረቤት የላቸውም? አክስት የላቸውም? በዚህ አገር ድባቴን ለማከም ዓመታት ሕክምና መማር አያስፈልግም፤ ስኒ ይዞ መቀመጥ ይበቃል።

ሰሞኑን አንዲት ሴት ቡና ላይ፣ "እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ወር አለፈኝ፤ ልጆቼ ሲስቁ እንኳ ደስ አይለኝም…" ብላ ሳትጨርስ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ምርመራው አለቀ። እትዬ፣ "ምን ጎድሎሽ? ባልሽ አይመታሽ፣ ቤትሽ ሙሉ!" አሉ። ጎረቤቷ፣ "ዓይን ነው" አለች። አንዱ ዘመድ ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ "ጨጓራ ነው፤ ተልባ ጠጪበት" አለ። ሦስት ሐኪም፣ ያለ ካርድ! ሴትዮዋም "እውነት ነው፣ ደህና ነኝ" ብላ ፈንዲሻ ዘገነች። ፍሉክሰቲን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት እኮ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል።

ለወንዱማ ማዘዣው አያልቅም። አላገባህም? አግባ። አግብተሃል? ውለድ። ወልደሃል? እንግዲያው ለልጆችህ ስትል ጠንከር በል። ካልሆነም "ና አንድ ሁለት እንበል" የሚለው አለ። መጠጥ ድባቴን ያባብሳል የሚሉ ሐኪሞች እኛ ሰፈር አረቄ ቤት ገብተው አያውቁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ማለትም 4.7 በመቶው ድባቴ አለበት። ከዚያ ቀደም የተሠራ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ በአዋቂዎች ዘንድ 9.1 በመቶ አግኝቷል፤ ከእነዚህ ሕክምና የፈለጉት ሩብ አይሞሉም። ሩብ ሊጠጉ መቻላቸውም ይገርማል፤ ምን በደልናቸው? ድርጅቱ በዚያው በ2017 የጤና ቀኑን ያከበረው "ድባቴ፦ እንነጋገር" ብሎ ነበር። እንነጋገር? እኛ መቼ ዝም አልን?

አሁን ደግሞ በየጤና ጣቢያው ነርሶች ሠልጥነው፣ "ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፍቶህ ያውቃል? መሞት ተመኝተህ ታውቃለህ?" ይላሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለታመመ ሰው ይቀርባል? ይባስ ብሎም ጠይቀው ሲያበቁ አፋቸውን ዘግተው መልሱን ይሰማሉ። በዚህ አካሄድ በቀን ስንት ሰው ሊያዩ ነው? እኛ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ሥር ስንቱን እንጨርሳለን።