ክርክር፦ ሬዲዮሄድን ፊልም በላው?

የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ሬዲዮሄድ ከ2016 ወዲህ አዲስ አልበም አላወጣም። ጊታሪስቱ ጆኒ ግሪንውድ በዚህ ሁሉ ጊዜ የፊልም ሙዚቃ ሲደርስ ቆይቷል፤ ድምፃዊው ቶም ዮርክም ሞክሮታል። ፊልሙ ነው አልበሙን ያስቀረው? ሁለት አድማጮች እንዲህ ተከራክረዋል። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከአልበሙ ወገን

በ2003፣ በ2007፣ በ2011 እና በ2016 አልበም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዝም! ግሪንውድ ግን በፊልም ሙዚቃው በ2018 እና በ2022 ለኦስካር ታጨ። ዮርክ በ2018 ለአስፈሪው «ሱስፒሪያ» ሙዚቃ ሠራ። ለሰዎቹ ክብር ነው፤ ለቡድኑስ ምን ተረፈው?

የ2015ቱን ታሪክ ያስታውሱ። አልበም በመሥራት ላይ ሳሉ ለጄምስ ቦንድ ፊልም የመክፈቻ ዘፈን ተጠየቁ። መጀመሪያ የሰጡት «ቀድሞ የተጻፈ ነው» ተብሎ ተመለሰባቸው። የያዙትን ሥራ አቋርጠው አዲስ ጽፈው ላኩ፤ እሱም አልተፈለገም። በመጨረሻ ለገና በዓል በነፃ ለአድማጭ ለቀቁት። ለሌላ ሰው ትዕዛዝ ሲሮጡ የራሳቸው ቀረጻ ቆመ፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ከፊልሙ ወገን

የቦንዱን ነገር አልክድም፤ እኔንም አናዶኛል። ነገር ግን በአንድ የከሸፈ ትዕዛዝ ሙያውን በሙሉ አይኮንኑ።

ያንኑ የሚወዱትን የ2016 አልበም እንመልከት። የአውታር መሣሪያዎቹን የተጫወተው የለንደን ኮንቴምፖራሪ ኦርኬስትራ ነው። ግሪንውድ ከዚህ ኦርኬስትራ ጋር ቀድሞ የሠራው በ2012 ለወጣው «ዘ ማስተር» ለተባለ ፊልም ነበር። የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈን ከፍተው ያድምጡ፦ ተጫዋቾቹ ደጋናቸውን ትተው በጊታር መምቻ (ፒክ) አውታሩን ይመቱታል። ያ ደረቅ፣ የሚያስፈራ ምት ከዚያ የመጣ ነው። ለኦርኬስትራ ሲጽፍ ዓመታት ያላሳለፈ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል?

ደግሞም በ2007 የቡድኑ አልበም «ኢን ሬይንቦውስ» ሲወጣ የግሪንውድ ትልቅ የፊልም ሥራም በዚያው ዓመት ወጥቷል። አንዱ ሌላውን አልከለከለም። ጊዜ ጠፋ የሚሉም ከሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች ከከበሮ መቺው ቶም ስኪነር ጋር «ዘ ስማይል» በሚል ስም በ2022 አንድ፣ በ2024 ሁለት አልበም አውጥተዋል። ጊዜ አላጡም።

ከአልበሙ ወገን

እርስዎው መሰከሩልኝ! ዘፈን አለ፣ ስቱዲዮ አለ፣ ጊዜ አለ፤ የሌለው አምስቱ የቡድኑ አባላት ተሰብስበው የሚጨቃጨቁበት ክፍል ነው። ፊልም ሰውን ብቻውን መሥራት ያስለምደዋል፦ ዳይሬክተሩ ቀን ይቆርጣል፣ የሙዚቃው ደራሲ ያስረክባል፣ አለቀ። ቡድን እንዲህ አይሠራም። «ትሩ ላቭ ዌይትስ» የተባለው ዘፈናቸው በመድረክ የተሰማው በ1995 ነው፤ በስቱዲዮ ሥራ አልበም የገባው በ2016። ሃያ አንድ ዓመት! እንዲህ የሚታገሥ የፊልም አሠሪ ያሳዩኝ።

የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም በ2005 በ«ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ለብዙ አዲስ ጆሮ ሲደርስ፣ የተሰማው ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የቀዳው ሙዚቃ ነበር። ቀድሞ ሸክላው ባይኖር ፊልሙ ከየት ያመጣው ነበር?

ከፊልሙ ወገን

ሙላቱን ማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን እሱን ለዓለም ያሰማው ፊልም መሆኑን ዘለሉት። ስለ ሃያ አንድ ዓመቱም ልመልስልዎ፦ ዘፈኑ በ1995 ሲሰማ ግሪንውድ ገና አንድም የፊልም ሙዚቃ አልደረሰም። ዝግታው የቡድኑ ጠባይ ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ምን አደረገዎት?

ደግሞም በ2025 መጨረሻ አምስቱም በማድሪድ፣ በቦሎኛ፣ በለንደን፣ በኮፐንሃገንና በበርሊን ሃያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ፊልም የበተነው ቡድን እንዲህ አይሰበሰብም።

ከአልበሙ ወገን

መሰብሰቡንስ ተሰበሰቡ፤ የመጡት ግን በቆየ ዘፈን ነው። ከጉብኝቱ በፊት፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር፣ የግሪንውድ አዲስ የፊልም ሙዚቃ ወጣ። የአምስቱ አዲስ አልበም ግን የት አለ?