ያልሄደ ባቡር አይከስርም

የደሴን ሻይ ቤቶች የኢኮኖሚ ሊቅነት የሚጠራጠር ካለ አንድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ወጥቶ ይቀመጥ። የባቡር ነገር ሲነሳ ሚዛኑ ወዲያው ይቀርባል፤ ቢሠራ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እንግሊዞች በዚህ ጥያቄ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶክተር ቢችንግ የሚባሉት የባቡር ሹማቸው ተሳፋሪ አስቆጥረው፣ ገቢና ወጪ አስልተው ነው 2,363 ጣቢያዎች ይዘጉ ያሉት። የእኛዎቹ አንድም ተሳፋሪ ሳይቆጥሩ፣ መደበኛ አገልግሎት ያልጀመረው የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር እንደማያዋጣ ደርሰውበታል። እነዚያ የከፈቱትን ዘጉ። ሳይከፍቱ የመዝጋት ጥበብ ግን የእኛ ነው።

መስመሩ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አካባቢ ያለችው ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የታሰበ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር 1.7 ቢሊዮን ዶላር ተባለለት፤ ገንዘቡም በብድር የመጣ ነው። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘገየ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የሲጋራ ፓኮ ቀደው፣ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሒሳቡን ሲሠሩ አይቻለሁ። በግራ በኩል የነጂ ደመወዝ፣ የመብራት ክፍያ፣ መለዋወጫ፣ ጥበቃ። በቀኝ በኩል የቲኬት ሽያጭ። ግራው ከበደ።

«ብድሩስ ጋሼ?» አለ አንድ ወጣት።

«ብድሩማ ባቡሩ ሄደም ቆመም ይከፈላል። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ጥበቃውስ? ሐዲዱ ዝም ብሎ ቢተኛም ጠባቂ ይፈልጋል እኮ።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ጥበቃን ሰረዙት። ዝገትን ግን መጀመሪያውኑም አልጻፉትም፤ ዝገት ደረሰኝ አይቆርጥም። የጭነት ገቢ ለምን እንደቀረ ሲጠየቁ ጭነት በሲኖትራክ እንደሚሄድ አስረዱ። ሲኖትራኩ የሚጠጣው ናፍጣ በዶላር የሚገዛ መሆኑ ሲነሳ ደግሞ ፓኮው ሞልቷል አሉ። እንዲህ ያለ የቦታ ቁጠባ በየትኛው የሒሳብ ትምህርት ቤት ይገኛል?

ከጎናቸው የተቀመጠው የጭነት ደላላም ምስጋና አይነፈገው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በመኪና በባቲና በሚሌ አቋርጦ ይገባል፤ ባቡሩ ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዋሽ ወርዶ ነው ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው። እውነቱን ነው፤ ዙር ነው። ዙሩን ያስቀራል የተባለው፣ በሰመራ አድርጎ ታጁራ የሚወርደው መስመር በዕቅድ ቀርቷል። ደላላው ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረው ለሕዝብ የመቆርቆር ስሜት ልብ ይነካል። ዕቃን ከእጅ ወደ እጅ በማዞር እንጀራውን ለሚበላ ሰው ዙር ይህን ያህል ማንገብገቡ ለሁላችንም አርአያ ነው። አዲስ አበባም ወደ አዋሽ በሚወስደው ሐዲድ ጫፍ ላይ መሆኗን ግን አልጠቀሰም፤ ምናልባት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ነገር አያውቅ ይሆናል።

ሻይ የምትቀዳው ሴት ብቻ ናት ሥርዓት ያፈረሰችው። «እኔ ዕቃ ገዝቼ አላስቀምጥም፤ ፔርሙዙ የሚያተርፈው ስቀዳበት ነው» ብላ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች። ማንም መልስ አልሰጣትም። በጥናት ያልተደገፈ አስተያየት ነው።

ጥበቡ በባቡር ብቻ መወሰኑ ይቆጫል። የሐረጎ ቁልቁለት በዓመት ስንት ጎማ ይበላል? ስንት ፍሬን ያቃጥላል? ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ቢዘጋ ይህ ሁሉ ወጪ በአንድ ቀን ይቀራል፤ አደጋውም እንደዚሁ። ሐሳቡን ለጋሼ ሳቀርብላቸው በጣም ወደዱት፤ ኮምቦልቻ ወርደው ቦታው ላይ ሊያጠኑትም ተነሱ። እስካሁን መናኸሪያ ናቸው፤ ሚኒባሱ ሁለት ሰው ይቀረዋል።