የፈይሳ ሜዳሊያ አልተነጠቀም

ስለ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ፈይሳ ሌሊሳ ሰዎች በሚጽፏቸው አስተያየቶች መካከል «ፈይሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ለተቃውሞ እጁን ስላጣመረ የብር ሜዳሊያውን ተቀማ» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ሲነሳ አየሁ። ጻፊዎቹ በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ነገሩ ግን ስሕተት ነው።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ የማራቶኑን መጨረሻ መስመር እጆቹን ከአናቱ በላይ አጣምሮ አለፈ። ሰዓቱ 2:09:54 ነበር፤ ከኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ሁለተኛ። የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ሥፍራ የፖለቲካ ተቃውሞ ማሳየትን ስለሚከለክል፣ ያን ሰሞን «ሜዳሊያውን ሊያጣ ይችላል» የሚል ግምት በየመገናኛ ብዙኃኑ ተነግሯል። ወሬው ከዚያ የተወለደ ይመስለኛል፤ «ይችላል» የምትለዋ ቃል በመንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። ሜዳሊያው ግን ዛሬም የእሱ ነው።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ድረ ገጽ ከፍቶ የሪዮን የወንዶች ማራቶን ውጤት ይመልከት። በተለይ ሦስተኛውን መስመር ይዩልኝ፤ ብሩ ተነጥቆ ቢሆን ኖሮ በ2:10:05 የገባው አሜሪካዊው ጌለን ሩፕ ወደ ብር ከፍ ባለ ነበር። አሁንም የነሐስ ባለቤት ነው።

ይህን የማነሣው ለስም ክብር ብቻ አይደለም። አንዳንዶች «ምልክት ያሳየ ሁሉ ሜዳሊያውን ያጣል» ብለው ለወጣት ሯጮች ሲመክሩ አንብቤአለሁ። ደንቡ መከልከሉ እውነት ነው፤ ቅጣቱ ግን እንደየጉዳዩ ታይቶ የሚወሰን እንጂ ወዲያው ሜዳሊያ የሚያስነጥቅ አይደለም።