ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) አልሞተም
ብሮ "የኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማጫወቻ) እድሜ 5 ዓመት ነው፣ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው አበቃለት" ያልከው ልክ አይደለም። ፒኤስ 2 በፈረንጅ 2000 ነው የወጣው፣ ፒኤስ 3 በ2006 መጥቶ እንኳን ሶኒ እስከ 2013 መግቢያ ድረስ ፒኤስ 2 ሲያመርት ነበር፣ ፊፋ 14 የሚባለው የኳስ ጌም ራሱ ወጥቶለታል እኮ። ፒኤስ 4ም የ2013 ልጅ ነው፣ ፒኤስ 5 በ2020 ከመጣ በኋላ የፊፋ ጌም ተከታይ የሆነው ኤፍሲ 25 መጥቶለታል። 5 ዓመት እንኳን ሳይሞላው የቆመው የኔንቲዶው ዊ ዩ ነው፣ እሱም ገዢ ስላጣ። እዚህ ሀዋሳ አቶቴ እኔ የምጫወትበት ጌም ቤት አራቱም ቲቪ ላይ ፒኤስ 4 ነው፣ የአንዱ ጆይስቲክ ላስቲክ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ልጆቹ ግን ለሱም ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ያንተን በርካሽ እንዳትሸጠው፣ ይልቅ አቧራውን አስነፋው።