የብሩስ ሊን ቡጢ አድሱልን ያለ ማን ነው?

የቻይና ፊልም ፋውንዴሽን በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) በሻንጋይ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ያወጀውን ዕቅድ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ንዴቴ ባሰ እንጂ አልበረደም። 100 የኩንግ ፉ ፊልሞች በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ሊታደሱ» ነው። ለመነሻ 100 ሚሊዮን ዩዋን ተመድቧል። ስማቸው ከተጠሩት ውስጥ የብሩስ ሊ «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ»፣ የጃኪ ቻን «ድራንከን ማስተር» እና የጄት ሊ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ቻይና» ይገኛሉ። በዚያው መድረክ ላይ የ1986ቱን «ኤ ቤተር ቱሞሮው» በማሽን ወደ አኒሜሽን የሚቀይሩት ሰዎች ደግሞ፣ ድሮ መቶዎች ይደክሙበት የነበረውን ሥራ አሁን 30 ሰው ይጨርሰዋል እያሉ ደረታቸውን ነፍተዋል።

ምስሉን፣ ድምፁንና አጠቃላይ አሠራሩን እናሻሽላለን፣ የቀድሞው ታሪክና ውበት ግን አይነካም ይላሉ። እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው። የኩንግ ፉ ፊልም ውበቱ አሠራሩ ነው። አሠራሩን ቀይሬ ውበቱን አልነካሁም ማለት እርሾውን አውጥቼ የእንጀራውን ጣዕም አልነካሁም ማለት ነው።

«ፖሊስ ስቶሪ»ን አስታውሱ። 1985፣ ሆንግ ኮንግ፣ ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ አዳራሽ። ጃኪ ቻን ላይኛው ፎቅ መደገፊያ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ፊት ለፊቱ አምፖል የተጠመጠመበት ረጅም ምሰሶ እስከ ምድር ወርዷል። ይዘላል፤ ምሰሶውን ያንቃል። አምፖሎቹ በእጁና በደረቱ ሥር እየፈነዱ፣ ብልጭታው እየተረጨ ቁልቁል ይምዘገዘጋል፤ ታች ሲደርስ የመስታወት ጣሪያ ሰብሮ ወለሉ ላይ ይዘረጋል። አምፖሎቹ ግለው ስለነበር እጁ ተቃጥሏል፣ ጀርባውም ተጎድቷል። ፊልሙ ይህን አንድ ዝላይ ከተለያየ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያሳየናል። ሦስት ጊዜ! የሚደግመው ሰውዬው በእርግጥ መዝለሉን በዓይናችን እንድናረጋግጥ ነው። በጃኪ ቻን ፊልሞች መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ያልተሳኩት ቀረጻዎች ይታያሉ፤ የሚያነክሰው፣ በቃሬዛ የሚወጣው፣ ደሙን የሚጠርገው። ያ ለተመልካቹ የሚሰጥ ደረሰኝ ነው። ዋጋው ይህን ያህል ነበር፣ ተከፍሏል ይላል።

አሁን ማሽኑ ይግባበት። አምፖሉን ያጠራዋል፣ ብልጭታውን ያደምቀዋል፣ የሚንቀጠቀጠውን ካሜራ ያረጋዋል። ይሁን። ግን በዚያ ምስል ውስጥ ማንም ጠርጥሮት የማያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው መውደቁ። ማሽን ከነካው ቀን ጀምሮ እሱም ይጠረጠራል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ «ይሄ የእውነት ነው?» ሲለኝ ምን ልመልስለት? እስከ ትናንት መልሱ «አዎ» ነበር፤ በዚህ ዕቅድ ከመጣው ፊልም ፊት ግን አፌን ሞልቼ «አዎ» ልለው አልችልም። 100 ሚሊዮን ዩዋን የሚወጣው ይህችን አንዲት ቃል ከአፋችን ለመንጠቅ ነው።

«ድሮስ ማታለል አልነበረም ወይ? ተዋንያኑን አየር ላይ የሚያንሳፍፋቸው ገመዱስ?» የሚሉ አሉ። ደካማ ክርክር ነው፤ ስለሚደጋገም ብቻ እመልሳለሁ።

አዎ፣ በ1928 ሻንጋይ ላይ «ዘ በርኒንግ ኦፍ ዘ ሬድ ሎተስ ቴምፕል» ሲሠራ የጎራዴው ብርሃን በፊልሙ ላይ በሥዕል ይጨመር ነበር። ሕዝቡም አበደለት፤ መንግሥት በ1931 ይህን ዓይነቱን ፊልም እስኪከለክል ድረስ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ግን ተመልከቱ፤ ከሥዕል ወደ ሥጋ የሄደ መንገድ ነው። በ1949 ሆንግ ኮንግ ላይ ተዋናዩ ክዋን ታክ ሂንግ ዎንግ ፌይ ሁንግን፣ ያንን ስመ ጥር የኩንግ ፉ መምህር፣ ሆኖ ሲመጣ የእውነተኛ እጅና እግር ስልት ይዞ መጣ፤ ተመልካቹም ከ70 በላይ ፊልሞች ድረስ ተከተለው። ዳይሬክተሩ ኪንግ ሁ በ1960ዎቹ ከፔኪንግ ኦፔራ፣ ዘፈንና አክሮባት ካለበት የቻይና ባህላዊ ቲያትር፣ የወሰደውን ምት ለፍልሚያ ሰጠው። ብሩስ ሊ ከ1971 እስከ 1973 በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ካሜራ ፊት ቆመ፤ በ32 ዓመቱ ሞተ። በ1978 ዳይሬክተሩ ላው ካር ሊዩንግ «ዘ 36ዝ ቻምበር ኦፍ ሻውሊን» ላይ የፊልሙን ሰፊ ክፍል ለልምምድ ለቀቀው፤ ክንዱ ላይ ስለት የታሰረበት ወጣት ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክሞ እጁን እንዳያወርድ ሲታገል ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ሰው አልሰለቸውም!

ገመዱስ? ገመድ የሰው ክብደት ያነሣል። በሌላኛው ጫፍ የሚጎትቱ ሰዎች አሉ፤ ጊዜውን ከሳቱ የተንጠለጠለው ሰው ይጋጫል። የፍልሚያ አቀናባሪው ዩየን ዉ ፒንግ በ2000 «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂደን ድራገን» ላይ ተፋላሚዎቹን ቀርከሃ ጫፍ ላይ ሲያወጣቸው ተዋንያኑ በእርግጥ እዚያ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ኮምፒውተሩ ገመዱን አጠፋ፤ ሰዎቹን አላጠፋም። ልዩነቱ ያልታየው ሰው ስለ ኩንግ ፉ ፊልም ባይናገር ይሻለዋል።

እንዲሁም የፋውንዴሽኑ ኃላፊ እነዚህ ፊልሞች የቻይናን ሕዝብ መንፈስ ለዓለም አሳይተዋል ብለዋል። «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» በ1972 ሲወጣ ሜይንላንድ ቻይና የድሮው ባህል በሚወገዝበት የባህል አብዮት ውስጥ ነበረች። ያን ፊልም የሠሩት የሆንግ ኮንግ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ውርስ ከመቁጠር በፊት የሠሪዎቹን ድካም ማክበር ይቀድማል።

«30 ሰው ይበቃል» የሚለው ኩራት ደግሞ ሌላው ቁስል ነው። ዛሬ የተነገረው ስለ አኒሜሽን ሠራተኞች ነው፤ ነገ የማይፈለጉት እነማን ናቸው? የሚወድቁት፣ የሚመቱት፣ ስማቸው የማይታወቀው ነዋ። ጃኪ ቻን እና የሙያ ጓደኞቹ ሳሞ ሀንግና ዩን ቢያው ልጆች ሆነው በመምህር ዩ ጂም ዩየን የኦፔራ ትምህርት ቤት እየተገረፉ፣ ለረጅም ጊዜ በእጃቸው እየቆሙ ነው የተማሩት። ጭካኔ ነበረበት፣ እንደዚያ ይመለስ አልልም። ነገር ግን ከዚያ ቤት የወጣው ዕውቀት ከአንድ ሰውነት ወደ ሌላ ሰውነት የሚተላለፍ ነው። ወጣት የሚያሠለጥን ቦታ ሳይከፈት፣ ገንዘቡ ወጣቱን ለማያስፈልግ ማሽን ሲወጣ ዝም ብዬ አላይም።

ተመልካቹ ጥራት ስለለመደ የድሮውን አያይም የሚለውንም አልቀበልም። እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን ያደግን ልጆች ነን። ካሴቱ ከመታየት ብዛት ምስሉ ይዘል ነበር፤ ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ይሄድበት ነበር፤ የቻይንኛውን ንግግር የሚሰማ ማንም አልነበረም። ምት ሲያርፍ ግን ቤቱ በሙሉ «እህ!» ይላል። ሰውነታችን የዚያን ሰውነት ሕመም አወቀው። ቤት ስንመለስ የኤሌክትሪክ ምሰሶ በእግር እየመታን ቁርጭምጭሚታችን አብጦ አድረናል። ጥርት ያለ ምስል ቢሆን ኖሮ ከዚህ በላይ ምን ይጨምርልን ነበር?

ጭረቱን መጥረግ፣ የደበዘዘውን ቀለም መመለስ ጥሩ ነው። የሆንግ ኮንጉ የሾው ብራዘርስ ስቱዲዮ ፊልሞች ከ20 ዓመት በፊት እንደዚያ ተጠርገው ወጥተዋል፤ ያለዚህ ሁሉ ጩኸት። ሆሊውድ ራሱ በሚያዝያ 2025 ከ2027 ፊልሞች ጀምሮ ለስታንት ሥራ፣ ማለትም ለአደገኛው ዝላይና ውድቀት፣ ኦስካር እሰጣለሁ ብሎ ወስኗል። የሚወድቁት ሰዎች ስም ሊጠራ በተቃረበበት ሰዓት የጥበቡ ባለቤት ነኝ የሚለው አገር በ30 ሰው ይኩራራ?

ከተጠሩት ፊልሞች አንዱን ልጨምር። «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ቻይና»፣ 1991። መጋዘን ውስጥ፣ ረጃጅም መሰላሎች ላይ የሚካሄደው የመጨረሻው ፍልሚያ። ጄት ሊ በቀረጻው ወቅት እግሩን ተጎድቶ ስለነበር በብዙው ክፍል ላይ የተተካለት ሹንግ ሺን ሺን የተባለ ስታንትማን ነው። ፊቱ ዞር ሲል፣ ጀርባው ብቻ ሲታይ፣ መሰላሉ ላይ ያለው እግር የእሱ ነው። ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ይለየዋል፤ ትከሻው ይለያል፣ አዘላለሉም ይለያል። ለማሽኑ ይህ ልዩነት የሚስተካከል ጉድለት ነው። ያንን ጀርባ የጄት ሊ ያደርገዋል፣ ትከሻውን ያመሳስለዋል፣ ከዚያም ፊልሙ «ታድሷል» ይባላል። ሹንግ ሺን ሺን ግን መሰላሉ ላይ አይኖርም።