ቻይና አሜሪካን የምትበልጠው ጣና ዳር ቡና ሲፈላ ነው

እኔ የባህር ዳር ሰው በከንቱ ይታማል ባይ ነኝ። ዘንባባ ጥላ ስር ተጎልቶ ቀኑን ሙሉ ወሬ ይሰልቃል ይሉናል፣ ይሄ ምቀኝነት ነው። የአለምን ሚዛን የያዘ ሰው እንዴት ስራ ፈት ይባላል? ቤጂንግና ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች በስንት ሳተላይት በስንት ዶክተር ታግዘው ያልጨረሱትን ጉዳይ እኛ ሀይቁ ዳር በሶስት ስኒ ጨርሰነዋል፣ በአቦል አሜሪካ ትንገዳገዳለች፣ በቶና ትወድቃለች፣ በበረካ ቻይና ትነግሳለች፣ ከዛ ሁሉም አቧራውን አራግፎ ወደየቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ ደሞ አሜሪካ ተመልሳ ቆማ ስለምትገኝ እንደገና ከአቦል እንጀምራለን። በትጋት ከሆነ እንደኛ ሚተጋ የለም።

የቻይና ወገን አለቃ ጋሼ ናቸው። ጋሼን ለማመስገን ቃል ያጥረኛል። ሌላው ሰው በእድሜው አንዴ እንኳ አሜሪካን ከዙፋኗ ማውረድ አቅቶት ሲሞት ጋሼ ሶስት ጊዜ አውርደዋታል።

የመጀመሪያው የፖሊ ተማሪ እያሉ ነው። ፖሊን ለማታውቁት የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ማለት ነው፣ በ1963 በሶቪየት ህብረት እርዳታ የተቋቋመልን ነው (የምጠራው አመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኗል። እና አስቡት፣ በ1961 የሶቪየቱ ጋጋሪን ጠፈር ወጥቶ ተመለሰ፣ በዛው አመት የሀገሪቱ መሪ የክሩሽቼቭ ፓርቲ በነፍስ ወከፍ ምርት በአስር አመት ውስጥ አሜሪካን እናልፋለን ብሎ በፕሮግራም አፀደቀ፣ ቶርኖውን ሚያሳይህ አስተማሪ ደሞ ራሱ ራሺያዊ ነው፣ ምን ትጠራጠራለህ? 1970 መጣ ሄደ፣ 1980 መጣ ሄደ፣ በ1991 ራሷ ሀገሪቱ ሄደች። ጋሼ እስከዛሬ "ራሺያ ተበተነች እንጂ አልተሸነፈችም" ይላሉ። እንዲህ ያለ ፅናት ከየት ይገኛል?

ሁለተኛዋ ጃፓን ነበረች። ሀገሩ ሁሉ ላንድክሩዘርና ዶልፊን ሲሆን እሳቸው ብቻቸውን አይደለም የተሳሳቱት፣ ኧረ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሆዳቸው ባብቶ ነበር፣ በ1989 የነሚትሱቢሺ ኩባንያ ኒውዮርክ መሀል ያለውን ሮክፌለር ሴንተር አብዛኛውን ድርሻ ሲገዛ፣ የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ መለኪያ በዛው አመት መጨረሻ 38,915 ሲገባ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃፓን ኢኮኖሚ ከአሜሪካው ሰባ በመቶውን ሲያልፍ። የአክሲዮኑ አረፋ ግን ገና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈንድቶ ነበር፣ ያቺ የ1989 ቁጥር ተመልሳ የተገኘችው በ2024 ፌብሩዋሪ ነው፣ ከ34 አመት በኋላ ማለት ነው። ስለ ጃፓን ስትጠይቋቸው ጋሼ "አልወለዱም፣ አረጁ" ብለው ባጭሩ ይዘጉታል። ታዲያ የሶስተኛዋ የቻይና ህዝብም ከ2022 ጀምሮ እየቀነሰ እኮ ነው፣ አንድ ልጅ ብቻ ውለዱ ሲባሉ ኖረው በ2015 ይሄ ህግ ሲነሳ ወላጅ ጠፋ፣ ይሄን ላነሳ አፌን ስከፍት ጋሼ ፈንዲሻ ያቀብሉኛል። ሰው ፈንዲሻ እየቃመ መከራከር አይችልም፣ ይቺም ጥበብ ናት።

የአሜሪካ ጠበቃ አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ ነው። አክስቱ ቨርጂኒያ ናት፣ ማስረጃው በዚህ አለቀ። ልጁን የማደንቀው ግን በሌላ ነው፣ የሚነዳው ባጃጅ የህንድ፣ ስልኩ ቴክኖ የሼንዘን ልጅ፣ ማሊያው የእንግሊዝ ክለብ፣ ልቡ ብቻ ቨርጂኒያ። አንድ ቀን ሊስትሮው ድንገት ቀና ብሎ "ህንድስ?" አለ። ሊስትሮው የፈረደበት ልጅ ነው፣ ህንድ በ2023 በህዝብ ብዛት ቻይናን አልፋለች፣ እንግሊዝን በኢኮኖሚ ጥላት ሄዳለች፣ ብዙም አልተሳሳተም። ግን ጋሼም ባጃጁም ባንዴ ዞረው "አንተ ጫማህን ጥረግ" አሉት። ሁለት ቡድን በተሰለፈበት ሜዳ ሶስተኛ ማሊያ ለብሶ ሚገባ ባለጌ ነው።

ክርክሩን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

"ድልድዩን አላየኸውም እንዴ?" ይላሉ ጋሼ፣ በ2024 የተከፈተውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማለታቸው ነው፣ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ የገነባው የቻይና ኩባንያ።

"ብሩ እኮ የኛው ነው ጋሼ!" ይላል ባጃጁ ልጅ።

"ብር ድልድይ ይሆናል? ማን ሰራው ነው ጥያቄው!"

"እሺ የዓባይን ተፋሰስ ከ1958 እስከ 1964 ዞሮ ያጠናው ማነው? አሜሪካ አይደለም? ግድብ የሚሰራበትን ቦታ ሁሉ አሳይቶ!"

"አጥንቶ ሄደ! የጎረቤት ልጅም ያጠናል እኮ!"

በዚህ ሳቅ ይሆናል፣ ነጥቡ ለቻይና ይያዛል። ግድቡን በመጨረሻ ማን በማን ኪስ ሰራው የሚለው እዚህ ቦታ አይነሳም፣ እኛ በራሳችን ጉዳይ መመፃደቅ አንወድም።

ደግሞ አንድ ያስተዋልኩት ትልቅነት አለ። ጋሼ ጠንካራ ማስረጃ አጥተው አይደለም፣ ቻይና ከአለም ብረት ከግማሽ በላዩን ታቀልጣለች፣ ከአለም የፋብሪካ ምርት ሲሶ የሚጠጋው እሷ ጋ ነው ሚሰራው። ልጁም ቢሆን አሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ምርጥ ምርጡን የኮምፒውተር ቺፕና ቺፕ መስሪያ ማሽን ለቻይና እንዳይሸጥ ማገዷን መጥቀስ ይችል ነበር። ግን አያደርጉትም። ጋሼ የሚያነሱት የስልክ ቻርጀራቸውን ነው፣ "ይሄው ሁለት አመት ሞላው!"፣ ልጁ ደሞ አክስቱ የላከችለትን ጫማ። ጫማው ውስጡ ሲገለበጥ የቻይና ምርት መሆኑ የታየ ቀን የነበረውን ጭቅጭቅ እንኳ ባልነግራችሁ ይሻላል፣ ጋሼ "ማሸነፍ ማለት ይሄ ነው" ሲሉ ልጁ "ማዘዝ ማለት ይሄ ነው" አለ፣ እውነት ለመናገር ሁለቱም አባባል ቀላል አይደለም፣ ግን አንዱም የሌላውን ስላልሰማ ባክኖ ቀረ።

እኔ አንዴ ተሳስቼ ቁጥር ይዤ ገባሁ። ነገሩን በአሳ ነበር የጀመርኩት። እዚህ አንድ ሰሀን የአሳ ጉላሽ የበላችሁበትን ብር በዶላር መንዝራችሁ ኒውዮርክ ብትወስዱት ሹካውንም አያሲዛችሁም፣ አሳው ግን አሳ ነው፣ ሆድ እኩል ነው ሚሞላው፣ ኢኮኖሚስቶቹም ይሄን አስተካክለው በመግዛት አቅም ሲለኩት ቻይና በአይኤምኤፍ ቆጠራ አሜሪካን ከ2014 አካባቢ ጀምሮ አልፋታለች አልኩ። ጋሼ ተነስተው አቀፉኝ። ቀጠልኩና ነዳጅና አውሮፕላን ግን በጉላሽ ዋጋ አይገዛም፣ በቀጥታ በዶላር ሲለካ ቻይና በ2021 የአሜሪካን ሶስት አራተኛ ደርሳ የነበረችው በ2023 ወደ ሁለት ሶስተኛ ወርዳለች፣ የቤት ግንባታ ገበያዋ ተናግቶ ኤቨርግራንዴን ያህል ኩባንያ በ2024 መጀመሪያ ሆንግኮንግ ፍርድ ቤት ይፍረስ ተብሎበታል፣ የቻይናው ገንዘብ ዩዋንም ደክሟል፣ የአሜሪካኑን ቁጥር ደሞ የዋጋ ንረቱ ራሱ አሳብጦታል፣ በነፍስ ወከፍ ካላችሁማ አሜሪካዊው ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ቻይናዊው 13 ሺህ ገደማ ነው አልኩ። አሁን ደሞ ባጃጁ ልጅ አቀፈኝ። ከዛ ሁለቱም ለቀቁኝና ጋሼ ፊታቸውን ኮስተር አርገው

"ቆይ አንተ ግን የማን ደጋፊ ነህ?" አሉኝ።

የማንም አልኩ። ጥሬ ስጋ አልበላም ያልኩ ነው የመሰላቸው። ከዛ ቀን ወዲህ ወንበሬ ፀሀይ ሚመታት ጋ ሆናለች፣ ይገባኛል፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንድን ነገር "በየትኛው ስትለካው ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የጨዋታ ጠላት ነው፣ ማሸነፍና መሸነፍ ባለበት ቦታ ስለ ሚዛን ይወራል?

የቀኑ ነገር ደሞ አለ። ቻይና መቼ ነው ምትበልጠው የሚለውን ትልልቆቹ ተንባዮች እንደ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ነው የያዙት። የአሜሪካው ባንክ ጎልድማን ሳክስ በ2003 "በ2041" አለ፣ ትንሽ ቆይቶ "አይ በ2027" አለ፣ በ2022 ደሞ "ወደ 2035 ይሆናል" አለ። አንድ የለንደን ተቋም በኮቪዱ ሰሞን 2028 ብሎ ቆርጦ ነበር፣ እሱም ገፋው። ልብስ ሰፊ እንኳ "ነገ ና" ሲልህ ጨርቅህን ይዞ ነው። ጋሼ ግን እንደነሱ አይዋዥቁም፣ የሳቸው ቀን ሁሌም "ይቺን አመት ብቻ ጠብቁ" ነው፣ ይቺ አመት ከማንኛውም ሞዴል በላይ ፀንታ ቆማለች።

መረጃ ባይኖርስ እንዳትሉ። በ2023 ነሐሴ በክልሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ስንከርም ቲክቶክ የለ ዩትዩብ የለ፣ ትንታኔው ይሞታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ አበበ እንጂ! የሚያስተባብል ጎግል ስላልነበረ ታይዋን ሁለት ጊዜ ተይዛ ሶስቴ ተለቃለች። ስለ ባህር ሀይል ሲነሳማ አትጠይቁኝ፣ አሜሪካ 11 የጦር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አላት ቻይና 3 ሲባል ሰዉ ፊቱን እንኳ አያዞርም። ልክ ነው፣ የጣናዋ ጀልባ ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ በመኪና ተጭና አስፓልት ለአስፓልት ስትመጣ ያየ ህዝብ በመርከብ ምን ይደነቃል?

አሁን ትንሽ ወደ ኪስ እንግባ። ብሩ በ2024 ሐምሌ ወር ገበያው ይወስነው ተብሎ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከ57 ተነስቶ መቶን በሳምንታት ሲዘል፣ ዳሱ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ ሚጠይቀው "ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?" ነው። ዩዋን ስንት ገባ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም፣ ጋሼም ብለው አያውቁም። የአለም ማእከላዊ ባንኮችም እንደኛው ናቸው፣ ከመጠባበቂያቸው ከግማሽ በላዩ ዶላር ነው፣ ዩዋን ከመቶ ሁለት አካባቢ። ነገሩ ወዲያው ሚለወጥም አይደለም፣ አሜሪካ እንግሊዝን በኢኮኖሚ ያለፈችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሆኖ ሳለ ዶላር ፓውንድን ከመንበሩ ያወረደው ሁለት የአለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ነው። ይሄን ለጋሼ ብነግራቸው ዶላር ሚጠይቁት "የአወዳደቁን ፍጥነት ለመከታተል" እንደሆነ አስረድተውኛል።

ዲቪውም እንደዛው ነው። ክፍት በነበረ ጊዜ ጋሼ ታናሽ ልጃቸውን ይዘው ኢንተርኔት ቤት ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፣ ፎቶው ነጭ ባክግራውንድ መሆኑን፣ የአያት ስም ፊደሉ ትክክል መሆኑን ከኋላው ቆመው እያረጋገጡ። ሲያዩኝ አልደነገጡም። "እየወደቀች ያለች ሀገር ሰው ያስፈልጋታል፣ እናግዛት ብለን ነው" አሉኝ። ከዛ ወዲያ ምን ትላላችሁ? ቻይናዎቹ ራሳቸው መሙላት አይፈቀድላቸውም እኮ፣ ከሀገራቸው በሌላ መንገድ የሚሄደው በዝቷል ተብሎ፣ እና ጋሼ በነሱም ፈንታ ነው የሞሉት ብለን እንያዘው።

በ2025 ዩኤስኤይድ ሲዘጋ ደሞ "ይሄው አለቀላት" ተብሎ ቡና ተደግሞ ተፈላ። ከፕሮጀክት ስራ የተቀነሱ ሁለት ልጆች ዳር ላይ ቁጭ ብለው ነበር፣ እነሱ ብቻ አልጠጡም።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። ጋሼና ባጃጁ ልጅ ተወራርደዋል። ቻይና እስከ 2030 ከበለጠች እስከዛ የተጠጣውን ቡና በሙሉ ልጁ ይከፍላል፣ ካልበለጠች ጋሼ። እስከዛ ማንም አይከፍልም፣ ምክንያቱም አሸናፊው ሳይታወቅ መክፈል ተሸናፊነትን ማመን ነው። ቡና ምታፈላልን እታለም ዱቤውን በደብተር ይዛለች፣ ደብተሩ አልቆ ሁለተኛ ጀምራለች፣ ስኳር ስንት እንደገባ እሷ ናት ምታውቀው፣ ታዲያ ባለፈው እሁድ ከሰሉን እያራገበች፣ እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቀና አለችና

"ቆይ እንጂ፣ ይሄ 2030 ያላችሁት በኛ ነው በፈረንጅ?" አለች።

ዳሱ ፀጥ አለ። በኛ ከሆነ ሌላ ሰባት ስምንት አመት ሊጨመርበት ነው። ጋሼ ልጁን አዩት፣ ልጁ ጋሼን አያቸው። እዛ ቦታ መቀመጥ ከጀመርኩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ባንድ ነገር ሲስማሙ አይቼ አላውቅም ነበር።

"በኛ ነው!" አሉ ባንድ አፍ።